ባለቤት

ጦሳ ጉሙን ጥሎ መስኮቱን ሲያለብስ፣
ጠዋት በሦስት ሰዓት ደሴ ፍርድ ቤት ስደርስ፣
«ሉባባ ይማም!» አለ ችሎት አስከባሪ፤
ገባሁ፣ እግሬ ቀድሞ፣ ልቤ ኋላ ቀሪ።

የወንድሟ ልጅ ቆሟል፣ ከወልዲያ መጥቶ፣
የወራሽነቱን ወረቀት በፕላስቲክ ከቶ፤
ስትታመም ያልነበረ፣ ስትቀበር የደረሰ፣
አፈሯ ሳይደርቅ «ቁልፉስ?» እያለ ያለቀሰ።

ዳኛው መነጽሩን በጣቱ ገፋ አርጎ
«የቤቱ ባለቤት ማን ነበረች?»
«ባለቤቴ... ትርንጎ።»
«‹የቤቱ ባለቤት› በይ!» አለና አረመኝ፤
‹ቴ›ን ‹ት› አድርጎ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቀማኝ።
«ታዲያ አንቺስ ምኗ ነሽ?»

ይሄ ጥያቄ ቤተኛዬ ነው።
ሆስፒታል ጠይቆኛል፣ ቀዶ ጥገና ስትገባ፤
«የሥጋ ዘመድ ይፈርም» ብለው፣ በር ላይ ቀረሁ ሳነባ።
እድር ጠይቆኛል፣ ድንኳኑ ሲተከል፦
«ሐዘንተኛ ከፊት፣ ጎረቤት ከመሐል።»
ከጎረቤት ጋራ ተቀመጥኩኝ፣ ምን ልበል?

ቀበሌም ጠይቆኝ ነበር፣ ያኔ በደህናው ቀን፣
የቤተሰብ ቅጹን ሊሞላ ሰብስቦን።
«ዝምድና» ከሚለው ባዶ ቦታ ፊት ለፊት
«ደባል በል» አልኩት እኔው፣ በገዛ አፌ፣ በፍርሃት።
ትርንጎ በክርኗ ጎኔን ነካ አድርጋ
ሳቀች፤ «ደባል! ደባል!» ስትለኝ አደረች፣ እስኪነጋ።
ያ ቃል ጣሪያ ነበር፣ ከዶፍ የሚያስጥል፤
ዛሬ ግን ጉጠት ነው፣ ምስማሬን የሚነቅል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነው የተገናኘነው፣
ማሽኑ ጆሮ ሲደፍን፣ ከንፈር ማንበብ የተማርነው።
«ክር ተበጠሰ» አለች በከንፈሯ፤ እኔ ሌላ አነበብኩ።
ማታ በር ላይ ስጠይቃት ሳቀች። አልተሳሳትኩ።

«ጨርቅ በድርና ማግ ነው» ይላል ሁሉም ሰው፣
«ድር ለድር ምን ይሠራል?» እያለ ሲያጣጥለው።
ሸማኔ ነኝ እኔ! ድሩም ያው ጥጥ፣ ማጉም ያው ጥጥ፤
አንዱ ተወጥሮ ሲቆም፣ ሌላው መሐል ለመሐል ሲሮጥ፣
ስም የሚለየው ሥራው ነው። አንድ ሰሞን እሷ ድር፣ አንድ ሰሞን እኔ፤
ጨርቃችን አልላላም በዚያ ሁሉ ዘመኔ።

ወጣቱ ጠበቃዬ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ፦
«ወንድና ሴት ቢሆኑ፣ ሕጉ ‹እንደ ባልና ሚስት› እያለ
ያለ ሠርግ ያለ ፊርማም ያካፍላል፤ ለእናንተ ግን ‹እንደ›ም የለ።
እውነቱን አታውጪ፤ ቤት አገኛለሁ ስትይ
እስር ቤት እንዳይሰጡሽ፤ እባክሽ ዝም በይ።»

አያቴ ገብሬ፣ አባቴ ይማም።
ወሎ ማተብና ቁርኣን በአንድ ጎጆ ሲያሳድር
መች ተደረመሰ ሰማይ? መች ተነቀለ ምድር?
ካህንም ቃዲም ባርኩኝ አላልኩም፤ የእነሱ ድርሻ ነው።
እኔ የለመንኩት ያቺን ክብ ማኅተም ነው፣
ለላም ሽያጭ እንኳ፣ ሐምራዊ፣ ጠብ የምትለው።

«ምኗ ነሽ?» ዳኛው ደገመ፤ ጸሐፊው ጣቱን አንስቶ ጠበቀ።
ደባል የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደረቀ።
«ባለ...» አልኩ።
«ባለ ምን?»
«ባለ ዕዳዋ።»
«ስንት ብር?» ቢለኝ፣ ችሎቱ በሙሉ ሳቀ።
«የዘር ሐረግሽን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘሽ ነይ»፤
ለሰኔ አሥራ ሁለት ቀጥሮ መዝገቡን ዘጋው፣ እኔን ሳያይ።

የዘር ሐረግ የለኝም፤ የማውቀው ሐረጎን ነው፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ጋር፣ ትከሻ ለትከሻ የወረድነው።
በሚኒባሱ መስኮት ኮምቦልቻ ታች ብቅ ጥልቅ ይላል፤
ሻንጣዬን ከጎኔ አኖርኩ፣ እሷ ትቀመጥበት በነበረው በኩል።

«ማዘር፣ ይሄ ቦታ ሰው አለው?» አለኝ ረዳቱ።
«አለው» አልኩ፤ የሁለት ሰው ከፈልኩ፤ ቆጠረው በጣቱ።
«የማን ነው?»
«የባለቤቴ።»
«ታዲያ የት ቀረ?»

ቦርከና ጠራርቶ ታየ።
«ቀረች፣ በል» አልኩት።
አረምኩት።